ለቢላዋ የትኛው መሳያ ድንጋይ ይሻላል? ጎንደር ያላችሁ እስኪ ንገሩኝ

ጓዳዬ_ፒያሳ፦ ሰኞ ማታ 3፡10

እንዴት ሰነበታችሁ?

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ከከፈትኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኩሽናዬ ውስጥ ሰባት ቢላዋ አለ። አምስቱ ከሱቅ የገዛኋቸው ነጭ፣ የማይዝጉ ናቸው። አንዱ አጥንት የምንመታበት ወፍራም ነው። ሰባተኛው የእናቴ ነው። ባለእጅ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራው፣ የቀንድ እጀታ ያለው ጥቁር ቢላዋ።

ችግሬ ስለት ነው። አሁን ጾም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምንከትፈው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን ነው። ቢላዋዎቹ ሽንኩርቱን አይቆርጡትም፣ ይጨፈልቁታል። ልጆቹ እንባቸው እየፈሰሰ ነው የሚውሉት። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አንዷ ቲማቲም ስትቆርጥ ቢላው ልጣጩ ላይ ሸርተት ብሎ ጣቷ ላይ አረፈ። ሦስት ቦታ ተሰፋች። ያቺን ልጅ ያመጣኋት እኔ ነኝ፣ እናቷንም አውቃታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እስካሁን የሞከርኩት ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው በር ላይ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ አሸሁት። አንድ ቀን ይቆርጣል፣ በማግስቱ እንደነበረው ነው። ከዚያ አንድ ብረታ ብረት ቤት ወስጄ በግራይንደር አስሳልኳቸው። ብልጭታው እየተረጨ ሰባቱንም በጥቂት ደቂቃ ጨረሱልኝ። ሁለት ቀን ምላጭ ሆኑ። አሁን ከበፊቱ ብሰዋል። የእናቴ ቢላዋ ጫፉ የጣት ጥፍር ያህል ሰማያዊ ሆኗል።

ስለዚህ ራሴ መሳል መማር ፈለግሁ። ቅዳሜ ገበያንና የሕንፃ መሣሪያ ሱቆችን ዞሬ አራት ዓይነት አየሁ። ሁለት ፊት ያለው ግራጫ ድንጋይ፣ በጣም ርካሽ። 1000 እና 6000 የሚል የተጻፈበት የውሃ ድንጋይ። አልማዝ ነው የተባለ የብረት ሰሌዳ። እና ነጭ የሴራሚክ ዘንግ። ሻጮቹ ሁሉም የራሳቸውን ያወድሳሉ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። የቱን ልግዛ?


እንጨት_ሥራ_ማራኪ፦ ሰኞ ማታ 4፡02

እህቴ፣ ልጅቷን እግዜር ይማርልሽ።

እንጨት ሠሪ ነኝ። መሮና የመላጊያ ምላጭ ስስል ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከአራቱም ዓይነት ገዝቼ ተጠቅሜያለሁ፣ ስለዚህ እንዳየሁት ልንገርሽ።

ግራጫው ሁለት ፊት ድንጋይ ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ኤድዋርድ አቼሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1891 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ አልማዝ እሠራለሁ ብሎ ሸክላ አፈርና ኮክ ከሰል በኤሌክትሪክ ሲያግል ያገኘው ነገር ነው። አልማዝ አልሆነለትም፣ ግን ከአልማዝ ብዙም የማያንስ ጠንካራ ብናኝ ሆነ። በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ነው፣ ይሄ ከ9 በላይ ነው። ከአንቺ ቢላዋ ብረት በብዙ ይጠነክራል። አንዱ ፊቱ ሻካራ፣ ሌላው ልም ነው። ብረት ቶሎ ይበላል። ጉድለቱ ርካሹ ላይ የሻካራው ፊት በጣም ሻካራ፣ የልሙም ፊት ያን ያህል ልም አለመሆኑ ነው።

የውሃ ድንጋዩ የጃፓኖች አሠራር ነው። ብናኙ በለስላሳ ነገር ስለተያያዘ ስትስይበት ላዩ እየተፋቀ አዲስ ብናኝ ይወጣል። ለዚያ ነው ፈጥኖ የሚስለው። ለዚያው ነው ደግሞ ቶሎ መሐሉ የሚሰረጉደው። መሐሉ የሰረጎደ ድንጋይ ላይ ቀጥ ያለ ስለት አይወጣም። በየጊዜው መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግተሽ ማስተካከል አለብሽ።

አልማዙ ሰሌዳ ብረት ነው፣ ደቃቅ የፋብሪካ አልማዝ በኒኬል ተይዞበታል። አይሰረጉድም። ጠብታ ውሃ ይበቃዋል። ግን ከተጫንሽው አልማዙ ከኒኬሉ እየተነቀለ ይሄዳል። ርካሹ በጥቂት ወራት ባዶ ብረት ሆኖ ይቀራል። ዋጋውም ከሌሎቹ ይበልጣል።

ሴራሚኩ ዘንግ የዶለዶመ ቢላ አያነሣም። የተሳለውን ለማቆየት ነው።

የእኔ ሐሳብ፦ ግራጫውን ግዢ። የመጀመሪያ ድንጋይ ብዙ ስህተት የሚሠራበት ድንጋይ ነው። ስህተቱ ውድ ድንጋይ ላይ ባይሆን ይሻላል።


ከሩቅ_የጎንደር_ልጅ፦ ማክሰኞ ጠዋት 1፡25

ሰላም እህት ዓለም። የአራዳ ልጅ ነኝ፣ አሁን ውጭ አገር ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ነው የምሠራው። ስምንት ዓመት በየቀኑ ቢላዋ ስያለሁ።

ወንድሜ እንጨት ሠሪው የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፣ በመጨረሻው ሐሳቡ ግን አልስማማም። የውሃ ድንጋይ ግዢ። ቁጥሩ ሲበዛ ድንጋዩ ይልማል፣ 1000 ቁጥሩ ለኩሽና ቢላዋ ልኩ ነው። ከግራጫው የሚለየው ሲስል እጅሽ ይሰማዋል። ቢላው ድንጋዩን ሲይዝና ሲለቅ ድምፁ ይለያል። ጀማሪ የሚማረው በዚያ ነው። እኛ ዘንድ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምንሰጠው 1000ን ነው።

ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፣ አረፋ መትፋቱን ሲያቆም ጠጥቷል ማለት ነው። ሲስል የሚወጣውን ጭቃ አትጠቢው። ያ ጭቃ ራሱ ነው የሚስለው።

6000ው ፊት ለአንቺ ቅንጦት ነው። ግን አብሮ ስለሚመጣ ይኑር።


እናት_ዓለም_18፦ ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

ልጄ፣ ቀበሌ 18 ነው የምኖር። ውሃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። የሚነከር ድንጋይ ገዝተሽ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ልታጠጪው ነው?


ከሩቅ_የጎንደር_ልጅ፦ ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

እትዬ፣ ልክ ኖት፣ የውሃውን ነገር ዘንግቼዋለሁ። ግን እመኑኝ፣ ብዙ ውሃ አይፈልግም። በትንሽ ሳፋ አንድ ሊትር ይበቃል። ያው ውሃ ደጋግሞ ይሠራል፣ ሲጠራ ጭቃው ይዘቅጣል። እናቴ ሩዝ ያጠበችበትን ውሃ ለዚሁ ታስቀምጥልኝ ነበር፣ በደንብ ይሠራል።


የባለእጅ_ልጅ፦ ማክሰኞ ከሰዓት 9፡15

ስለ ድንጋዩ ሌሎች ብለዋል። እኔ ስለ እናትሽ ቢላዋ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ስላነበብኩት አንጀቴን በልቶኛል።

አባቴ ባለእጅ ነበር። ወለቃ ከነበሩት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ሥር ሆኖ ነው ሙያውን የያዘው። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ለብቻው ሠራ። ማጭድ፣ ማረሻ፣ ቢላዋ። ቢላዋ የሚሠራው ከባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ ካርቦን ያለበት ብረት ነው። ግሎ ቀይ ሲሆን በአንዴ ይነከርና ይጠነክራል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ቀስ ብሎ ይሞቃል። አባቴ ዓይኑን ከብረቱ ቀለም ላይ አይነቅልም ነበር። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይመጣል፣ ያ ወደ 220 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀጥሎ ቡናማ። ቀጥሎ ወይን ጠጅ። ሰማያዊ ሲሆን 300 ገደማ ደርሷል። ለቢላዋ ገለባ ቢጫው ላይ ያቆመዋል። አንዴ ወሬ ይዞት ሰማያዊ ደረሰበት፣ ወርውሮ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው።

እንግዲህ ግራይንደሩ የእናትሽን ቢላዋ ጫፍ ሰማያዊ ካደረገው እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ለስልሷል። የፈለግሽውን ያህል ብትስይው ስለት አይዝም። የቀረው አካሉ ግን ደህና ነው። አትጣይው። ሰማያዊው ጥፍር የሚያህል ከሆነ በሻካራው ድንጋይ፣ በእጅ፣ በየደቂቃው ውሃ ውስጥ እየነከርሽ ፍቀሽ ማውጣት ትችያለሽ። ቢላው ትንሽ ያጥራል፣ ሌላ ነገር አይሆንም። አንድ ከሰዓት ይፈጃል።

የቀሩትን አምስት ነጮችም ግራይንደር አታስነኪያቸው። የብልጭታው ብዛት ማለት ከቢላዋሽ ላይ የሄደው ብረት ብዛት ነው።


ጓዳዬ_ፒያሳ፦ ማክሰኞ ማታ 2፡50

ወንድም ዓለም፣ ይሄን ሳነብ አለቀስኩ ብልህ አታምነኝም። የሞተ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እሑድ ዝግ ነኝ፣ እሞክረዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ላክልበት። ለምን ገንዘብ አወጣለሁ፣ አገሩ ድንጋይ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ከቀሃ ወንዝ ዳር ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ አምጥቶ ያሳየኝም አለ። የዱሮ ሰዎች በምን ይስሉ ነበር?


ድንጋይ_አጥኚ፦ ረቡዕ ጠዋት 4፡30

ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፣ ጥያቄው የእኔ ነው ብዬ ገባሁ።

የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ባሳልት ነው። የፋሲል ግቢ ግንቦች በኖራ ተያይዘው የተሠሩት በዚሁ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜኑን ደጋ የሸፈነው ቅልጥ ድንጋይ የፈሰሰበት ዘመን ውጤት ነው። ለግንብ እጅግ ጥሩ ነው። ለወፍጮም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እህል ለስላሳ ነው። ለቢላዋ ግን ችግር አለበት። ባሳልት የተሠራባቸው ዋና ዋና ማዕድናት፣ ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን፣ ጥንካሬያቸው ከ5 እስከ 6 ገደማ ነው። በደንብ የጠነከረ ብረትም እዚያው አካባቢ ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። እኩያ እኩያውን አይስልም፣ ይለቀልቀዋል እንጂ።

ለመሳል የሚሆን የተፈጥሮ ድንጋይ ኳርትዝ ያለበት ነው፣ 7 ይደርሳል። አሜሪካኖች አርካንሳስ የሚሉት ዝነኛ መሳያ እሱ ነው፣ ደቃቅ ኳርትዝ ብቻ። እኛም አገር የአሸዋ ድንጋይ አለ፣ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ በግልጽ ይታያል። ጎንደር ከተማ ዙሪያ ግን ባሳልቱ ሁሉን ሸፍኖታል።

ደረጃሽ ላይ ያለው ሲሚንቶ ትንሽ የሚስለው ውስጡ ኳርትዝ ያለበት አሸዋ ስላለ ነው። ግን አንዱ ፍሬ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ስለቱን እንደ መጋዝ ይቦጫጭረዋል። በማግስቱ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

የቀሃውን ድንጋይ ለነጭ ሽንኩርት መውቀጫ አድርጊው።


እናት_ዓለም_18፦ ረቡዕ ጠዋት 5፡10

የዱሮ ሰው በምን ይስል ነበር ላልሽው እኔ ልንገርሽ። እናቴ በሲኒ ነበር የምትስል።

ሲኒውን ገልብጪው። ቂጡ ላይ ክብ ጠርዝ አለ። ሌላው ቦታ ይንጸባረቃል፣ ያ ጠርዝ ግን ያልተቀባ ነው፣ በጣትሽ ስትነኪው ሸከር ይላል። እዚያ ላይ ቢላውን ደገፍ አድርገሽ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳብ። አሥር ጊዜ በዚህ ጎን፣ አሥር ጊዜ በዚያ ጎን። ሲኒው ጠርዝ ላይ ግራጫ መስመር ይቀራል። ያ ብረት ነው። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ ሽንኩርት መክተፊያዋን ትጨርስ ነበር።

ጀበና ላይ እንዳትሞክሪ። ሸክላ ነው፣ ራሱ ያልቃል።


እንጨት_ሥራ_ማራኪ፦ ረቡዕ ማታ 1፡45

እትዬ የነገሩሽን አትናቂው። የሲኒው ቂጥ ሴራሚክ ነው። ገበያ ላይ ያየሽው ነጭ ዘንግ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራ። ስለዚህ ዘንጉን አትግዢ፣ ቤትሽ አለ።

የውሃ ድንጋዩን በተመለከተ ከወንድማችን ጋር አልከራከርም። ስለቱ ከግራጫው የተሻለ ነው፣ ያ እውነት ነው። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። የጃፓን ድንጋይ የተሠራው ለጃፓን ቢላዋ ነው። የእነሱ ብረት እጅግ ጠንካራ፣ ቀጭን፣ በ15 ዲግሪ የሚሳል ነው። የአንቺ ነጭ ቢላዋዎች ብረት ለስላሳ ነው። 6000 ድረስ ብታለሰልሺው ሁለት ቀን ሽንኩርት ከተከተፈ በኋላ ያ ልስላሴ የለም። ብሩ ወዴት ሄደ?

ስለ ዘይት ማንም ስላላነሳ ላስጠንቅቅሽ። ግራጫው ላይ አንዳንዱ ዘይት አድርጊ ይልሻል። የምግብ ዘይት እንዳታደርጊ። ጀማሪ ሳለሁ የኑግ ዘይት አፈሰስኩበት። ኑግ አየር ሲያገኝ የሚደርቅ ዘይት ነው። በሳምንቱ ድንጋዩ እንደ ሙጫ ተለሰነ። ላምባ ውስጥ አሳድሬ፣ በሽቦ ፍቄ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያዳንኩት። ዘይት ካስፈለገ የስፌት መኪና ዘይት ነው። ግን አንቺ በውሃ ተጠቀሚ። ምግብ የሚነካ ቢላዋ ነው፣ ደግሞ አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ወደ ውሃ አይመለስም።


ቁርጥ_ቤት_አዘዞ፦ ሐሙስ ጠዋት 12፡50

ሥጋ ቆራጭ ነኝ፣ አዘዞ። በጾም ሥራ ስለሌለ ነው የማነበው።

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ልስላሴ ያወራሉ። ሥጋ ልስላሴ አይወድም። ከመጠን በላይ የለሰለሰ አፍ ጥሬ ሥጋ ላይ ይንሸራተታል። ጅማቱን ሲያገኝ ይቆማል። እኛ ዘንድ ደንበኛው ቁርጡን ሲያዝ ቢላዋውም አብሮ ይሰጠዋል። ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ከከንፈሩ ሥር ነው የሚቆርጠው። ያ ቢላዋ ከያዘ ወይም ከሸረተተ ነውር ነው። ስለዚህ በመካከለኛ ድንጋይ ነው የምስለው፣ ከዚያ አላልፍም። በጣት ስትነኪው ትንሽ ነከስ የሚያደርግ አፍ ነው የምፈልገው።

ወገቤ ላይ የማንጠለጥለው ክብ ብረት አለ። ብዙ ሰው እሱ ይስላል ይላል። ዋናው ሥራው መሳል አይደለም። የቢላ አፍ ቀጭን ስለሆነ ሲሠራ ወደ ጎን ይተኛል። ብረቱ የተኛውን ያስነሣዋል። አንድ በግ ገፍፌ ሳልጨርስ ሦስት አራት ጊዜ ሳብ ሳብ አደርገዋለሁ። ድንጋይ የሚያስፈልገኝ በሳምንት አንዴ ነው። አንቺም እሱን ካገኘሽ ድንጋይሽ ዕድሜ ይኖረዋል።

ለፋሲካ በግ የምትገፊ ከሆነ ደግሞ፣ ለቆዳው የሚሆነው ቢላዋና ለሥጋው የሚሆነው ይለያይ። ለቆዳው ጫፉ የዞረ፣ ሹል ያልሆነ ያዢ። ሹሉ ቆዳውን ይበሳዋል፣ የተበሳ ቆዳ ዋጋው ይወርዳል።


ጓዳዬ_ፒያሳ፦ ሐሙስ ማታ 3፡20

ጋሼ፣ አንቱም ስለገቡበት በጣም ደስ አለኝ።

ወሰንኩ። ግራጫውን ሁለት ፊት ዛሬ ገዛሁ። ቁጥሩን ሳይ ችግር ገባኝ። ሻጩ 240 እና 400 ነው አለኝ። ወንድማችን 1000 ነው ልኩ ብሎኝ ነበር። 400ው ላይ ልቁም? ደግሞ ቤት ውስጥ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለኝ፣ እሱን ከእንጨት ላይ ለጥፌ ብጨርስበትስ?

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ቢላውን ድንጋዩ ላይ ማዘንበሉ። 20 ዲግሪ ይላሉ ሁሉም። 20 ዲግሪ ስንት እንደሆነ በዓይን እንዴት አውቃለሁ?


እንጨት_ሥራ_ማራኪ፦ ሐሙስ ማታ 4፡35

ቁጥሩ ከፍ ሲል ብናኙ ይደቃል። ግን ሁሉም ቁጥር አንድ አይደለም። የብርጭቆ ወረቀት 1000 ብናኙ 18 ማይክሮን ገደማ ነው። የጃፓን ድንጋይ 1000 ደግሞ 12 ማይክሮን አይሞላም። ስለዚህ ወረቀትሽ ከስሙ ይልቅ ሻካራ ነው። ለአንቺ ግን እሱ ችግር አይደለም። ከ400ው ቀጥሎ ጥሩ ማጠናቀቂያ ነው። ከእንጨት ይልቅ መስታወት ላይ አድርጊው፣ እንጨት ይጣመማል። አንድ ነገር ብቻ፦ ወረቀቱ ላይ ቢላውን ወደ ፊት አትግፊው፣ ይቀደዋል። ወደ ኋላ ብቻ ሳቢ።

የማዘንበሉ ነገር ቀላል ነው። ከደብተር ላይ አንድ ወረቀት ቅደጂ። ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። ጥጉን እኩል አጥፊው፣ 45 ሆነ። እንደገና አጥፊው፣ 22 ተኩል። ያንን ሹል ድንጋዩ ላይ አስቀምጪና ቢላሽን ደግፊበት። ከዚያ ትንሽ ዝቅ፣ እሱ ነው 20። ወይም በጀርባው ለኪው። የቢላው ስፋት 4 ሴንቲ ከሆነ ጀርባው ከድንጋዩ 1.4 ሴንቲ ከፍ ይበል። ስፋቱ 3 ሴንቲ ከሆነ 1 ሴንቲ።

አሠራሩን በደንብ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ድንጋዩን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጪ፣ እንዳይሄድብሽ። ቢላውን ያዢ፣ የሌላ እጅሽን ሁለት ጣት አፉ አጠገብ ጎኑ ላይ አሳርፊ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንዱን ጎን ብቻ። ጎኑን ለመቀየር አትቸኩዪ። መቼ እንደምትቀይሪ ቢላው ራሱ ይነግርሻል። በአውራ ጣትሽ ከጀርባው ወደ አፉ፣ ወደ ውጭ፣ ቀስ ብለሽ ዳብሺው። በአፉ ርዝመት አይደለም፣ ይቆርጥሻል። በሌላው ጎን ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ከተሰማሽ ድንጋዩ አፉ ጋ ደርሷል። ካልተሰማሽ አልደረሰም፣ መቶ ጊዜም ቢሆን ቀጥዪ። ያ ሻካራ ጠርዝ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሰማት አለበት። ከዚያ ነው ወደ ሌላው ጎን የምትዞሪው።


የባለእጅ_ልጅ፦ ሐሙስ ማታ 4፡50

ያን ሻካራ ጠርዝ አባቴ "ጺም" ይለው ነበር። ጺም ሳታበቅዪ ስለት የለም። ጺሙን ሳታወልቂም ስለት የለም። መጨረሻ ላይ እጅሽን እያቀለልሽ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ሳቢው። በስተመጨረሻ የቆዳ ቀበቶ ውስጠኛው ፊት ላይ ወደ ኋላ ሃያ ጊዜ። ግራይንደር የሳለው ሁለት ቀን ምላጭ ሆኖ የሞተው ለዚህ ጭምር ነው። ሲቆርጥልሽ የነበረው ጺሙ ነው። ጺሙ ሲሰበር ከሥሩ ምንም አልነበረም።


ጓዳዬ_ፒያሳ፦ እሑድ ማታ 2፡00

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጀምሬ እስከ አሥር ሰዓት እዚሁ ነበርኩ።

መጀመሪያ አንዱን ነጭ ወሰድኩ። አርባ ደቂቃ ታገልኩ፣ ጺም የለም። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ከዚያ ወንድማችን ያለው ትዝ አለኝና አፉን በእስክሪብቶ አጠቆርኩት። አምስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ ሄድኩበትና አየሁት። ጥቁሩ ከላይ ከትከሻው ጠፍቷል፣ አፉ ላይ ግን እንዳለ ነው። ለካ በጣም አስተኝቼው ኖሯል። አፉን ጨርሶ አልነካሁትም። ወረቀቱን አጥፌ ትንሽ ቀና አደረግሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጺሙ መጣ። በጣቴ ሲሰማኝ ልቤ ዘለለ።

አራተኛው ቢላዋ ላይ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ፈጀብኝ። ቲማቲም ላይ ምንም ሳልጫን፣ የቢላው ክብደት ብቻ ልጣጩን ከፈተው።

የእናቴን መጨረሻ ላይ አወጣሁት። ሰማያዊውን በ240ው ፊት ነው የፈቅሁት፣ እየነከርኩ። ሁለት ሰዓት። ጫፉ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አጠረ። ነጩ ብረት ሲወጣ በደንብ ይታያል፣ ከሰማያዊው ይለያል። ከዚያ 400፣ ከዚያ ወረቀቱ፣ ከዚያ የአባቴ ቀበቶ። የእናቴ ቢላዋ በአባቴ ቀበቶ ተሳለ። ከነጮቹ ሁሉ የሚበልጥ ስለት ያዘ። ብረቱ ድንጋዩ ላይ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፣ ጥርት ያለ።


ከሩቅ_የጎንደር_ልጅ፦ እሑድ ማታ 2፡40

እስክሪብቶው የእንጨት ሠሪው ሐሳብ አልነበረም እኮ፣ አንቺው ነሽ ያሰብሽው! እኛም ኩሽና ውስጥ እንደዚያ ነው የምናስተምረው። ጎበዝ!

የእናትሽን ቢላዋ ከታጠበ በኋላ ወዲያው አድርቂው። ሎሚና ቲማቲም ከቆረጠ ደግሞ አታሳድሪው። ካርቦን ብረት ነው፣ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ትንሽ ግራጫ ቀለም ቢይዝ ግን ዝገት አይደለም፣ አትፈቂው።

ብር ስታገኚ 1000 ቁጥር የውሃ ድንጋዩን ለእሱ ብቻ ግዢ። ለነጮቹ አይደለም። እሱ ይገባዋል።


እንጨት_ሥራ_ማራኪ፦ ሰኞ ጠዋት 1፡10

በዚህስ እስማማለሁ። ምግብ ቤቱ ሲሰፋ ደግሞ ለነጮቹ ደህና የአልማዝ ሰሌዳ ያዢ። በየቀኑ ብዙ ቢላዋ ለሚሳልበት ቤት አለመሰርጎዱ ትልቅ ነገር ነው። እስከዚያው ግራጫሽን መሐሉን ብቻ አትጠቀሚ፣ ከዳር እስከ ዳር ሂጂበት።


ጓዳዬ_ፒያሳ፦ ቀዳም ሥዑር ከሰዓት 10፡30

ዶሮዎቹ እየተገነጠሉ ነው። አሥራ ሁለቱ ብልት ያለ ትግል ይወጣል፣ መገጣጠሚያው ላይ ቢላው ራሱ መንገዱን ያገኛል። ዛሬ የተከተፈው ሽንኩርት ሁለት ትልልቅ ሳፋ ነው። ልጆቹ እንደ ዱሮው አላለቀሱም። ጣቷ የተሰፋው ልጅ ክሯ ወጥቶላታል። አሁን ጠዋት ጠዋት በሲኒው ቂጥ ቢላዋዎቹን የምታነቃቃው እሷ ናት። ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

ያልሠራልኝ አንድ ብቻ ነው። አጥንት የምንመታበት ወፍራሙ። በ20 ዲግሪ ስዬው ሁለት ጊዜ አጥንት ሲነካ አፉ ተሸራረፈ።


ቁርጥ_ቤት_አዘዞ፦ ቀዳም ሥዑር ማታ 1፡15

አጥንት የሚመታ በ20 አይሳልም፣ ቀጭን ይሆናል። ከ25 እስከ 30 አድርጊው፣ በሻካራው ፊት ብቻ። አሁን ግን ስለተሸራረፈ ብዙ መፋቅ ይፈልጋል። ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት አዘዞ ይዘሽው ነይ፣ ሰው ሳይበዛብኝ። ልጅቷንም አምጫት፣ ታይ። እንኳን አደረሳችሁ።